የደሴ ክረምትና የተማሪ ዕረፍት

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ፈተናው አብቅቶ ካርድ ይታደላል፤ የትምህርት ቤቱም በር ይዘጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐምሌና ነሐሴ ከነጳጉሜን በእጃችን ይቀራሉ። ብዙዎቻችን ይህን ጊዜ በደስታ እንቀበለዋለን። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን «በዚህ ጉምና ጭቃ ደሴ ውስጥ ምን ይሠራል?» እያልን በመስኮት ዝናብ ስናይ፣ ወይም ስልክ ላይ አቀርቅረን እንውላለን። አበው «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ያሉት እንደዚህ ላለው ጊዜ ይመስለኛል።

ውድ አንባቢዎች፤ ይህን አጭር ጽሑፍ የማቀርበው የከተማችን ክረምት ባዶ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። በዚህ ወራት የሚደረጉት ነገሮች ከሌላው ጊዜ የሚለዩበት አንድ ጠባይ አላቸው፤ ይኸውም ዋናዎቹ ሠሪዎች ልጆችና ወጣቶች መሆናቸው ነው። ሠርጉን፣ ልቅሶውንና ዕድሩን አዋቂዎች ያከናውኑታል። ሆያ ሆዬውንና የእንቁጣጣሹን አበባ ግን እኛ ካልተነሣን የሚሠራው የለም። እኛ ብንተወው ታናናሾቻችን ከማን ይማሩታል?

ሐምሌ፤ ቦይና ችግኝ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ጦሳ ተራራ ቆሞባታል። ከዓመቱ ዝናብ የሚበዛው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ከተራራው የሚወርደውም ጎርፍ ወደ ቦርከና የሚሄደው በሰፈሮቻችን መካከል ነው። ቦዩ በላስቲክና በጥራጊ ከተደፈነ ውኃው መንገዱን ለቆ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ዛፍ የሌለበት ቁልቁለትም ውኃ ሲጠግብ አፈሩ ይከብድና ይንሸራተታል፤ አጥር ይፈርሳል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል። የዛፍ ሥር አፈሩን አስተሳስሮ ይይዛል፤ ቅጠሉም የዝናቡን ምት ያበርዳል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ቦይ መጥረግና ችግኝ መትከል ለጌጥ የሚደረግ ሳይሆን ቤትን ከጥፋት የሚያድን ሥራ ነው።

የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ ብዙ ተማሪ ለተከላ ይሰለፋል። ነገር ግን መትከል አንድ ነገር፣ ማጽደቅ ሌላ ነገር ነው። ችግኙ እንዲጸድቅ እነዚህን ማሰብ ይገባል።

አንደኛ፤ ጉድጓዱ ዝናቡ ሳይጠና አስቀድሞ መቆፈር አለበት። ሁለተኛ፤ ችግኙ ያለበት ላስቲክ ሥሩን ሳይጎዳ ተቀዶ መውጣት አለበት፤ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥር መስደጃ ያጣል። ሦስተኛ፤ ተከላው በሐምሌ ቢሆን ይሻላል፤ ነሐሴ ሲያልቅ የተተከለው ሥሩ ሳይጠነክር ዝናቡ ይቋረጥበታል። አራተኛ፤ ዙሪያውን በእሾህ ማጠር ያስፈልጋል፤ ፍየል የዘመቻውን ድካም በአንድ ጧት ትጨርሰዋለችና።

እኔና የሰፈሬ ልጆች ባለፈው ክረምት ሦስት ሦስት ችግኝ ተከፋፍለን ተከልን። ዝናቡ ካቆመ በኋላም በየቅዳሜው በጀሪካን ውኃ እየወሰድን አጠጣናቸው። ፍየል ያገኛቸው ቢኖሩም የሚበዙት ጸድቀዋል። እያንዳንዱ ልጅ «የእኔ» የሚለው ችግኝ ስለ ነበረው የረዳን ይመስለኛል።

ነሐሴ፤ ጾሙና ቡሄው

ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የፍልሰታ ጾም ነው። በዚሁ ጾም ውስጥ ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ በልጆች አጠራር ቡሄ፣ ይውላል። በዓሉ ጌታችን በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት መታሰቢያ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በዚያ ዕለት ከብርሃኑ የተነሣ እረኞቹ የመሸ ስላልመሰላቸው በዱር ቆዩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፈለጓቸው። ችቦውና ሙልሙሉ የዚህ ምሳሌ ነው ይባላል።

ጅራፉም የራሱ ጥበብ አለው። ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል፤ ከእጀታው በኩል ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሲያጮሁት የክንድ ኃይል ወደ ቀጭኑ ጫፍ ስለሚሰበሰብ ጫፉ ከድምፅ ይልቅ ይፈጥናል፤ የምንሰማው ጩኸት ከዚህ የሚመጣ ነው። የፊዚክስ መምህራችን በክፍል ውስጥ የሚያስረዱትን ነገር እረኛው በእጁ ሲሠራው ኖሯል።

ስለ ሆያ ሆዬ ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም። ሥርዓቱ አውራጁ ሲያወርድ ሌሎቹ በትራቸውን መሬት እየመቱ መቀበል፣ የቤቱን አባወራና እመቤት ማወደስ፣ የተሰጠውን ሲቀበሉ መመረቅ ነው። አሁን አሁን ግን አንዳንድ ቡድን ሁለት ስንኝ ብሎ እጁን ይዘረጋል፤ ብሩን እንደ ጨበጠም ሳይመርቅ ወደ ሚቀጥለው ደጅ ይሮጣል። ይህ ልመና እንጂ ቡሄ አይደለም። ባለቤቶቹም እየሰለቹ በራቸውን መዝጋት ጀምረዋል። በሩ አንድ ጊዜ ከተዘጋ ለሚመጡት ልጆች ማስከፈት ከባድ ነው። ስለዚህ ከበዓሉ ሳምንት በፊት ተሰብስቦ ግጥሙን ከታላላቆች መማር፣ አውራጅና ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ የተገኘውንም በእኩል መካፈል ይገባል። ከቡሄ ገንዘብ ደብተር የሚገዛ ልጅ በየሰፈሩ አለና።

ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ደግሞ የልጃገረዶች ተራ ይሆናል። በራያ ቆቦ ሶለል፣ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በሰቆጣ ሻደይ እያሉ ይጫወታሉ። ከእነዚያ አገሮች መጥተው ከእኛ ጋር የሚማሩ እኅቶች ስላሉ፣ ጨዋታውን እንዲያሳዩን ብንጠይቃቸው ብዙ እንማራለን።

ዝናቡ ባባራ ቀን

ጧት ጉሙ ሲገለጥ ሆጤ ሜዳ ላይ ኳስ መጫወት የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን በደጁ አልፈን የማናውቀው አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ይህን የግብር አዳራሽ ያሠሩት በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ የተባሉት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ስሙ እንደሚያስረዳው ደኻውም ጌታውም ሳይጠየፍ የሚገባበት ቤት እንዲሆን ነበር።

አያት ያለው ተማሪም ደብተርና እርሳስ ይዞ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረኀብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋል። የሚያውቁትን ሳንጽፈው ከሄዱ የሚመልስልን መጽሐፍ አይኖርም። ክረምት ደግሞ ሰው ከቤት የማይወጣበት፣ ቡናው የሚረዝምበት ጊዜ ስለ ሆነ ለዚህ የተመቸ ነው።

ገንዘብና አጃቢ ያገኘ፣ መንገዱም ሰላም መሆኑን ጠይቆ የተረዳ፣ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅን ሊያይ ይችላል። በዚያ የሚገኘው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የታወቀ የትምህርት ስፍራ ነበር። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ ሐይቁን ከዳር ሆኖ መመልከት ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው።

ጳጉሜንና የዓመት መለወጫ

ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ እንደ ጠበል ስለሚቆጠር ልጆች በደስታ ይጠመቁበታል። በዋዜማው ችቦ ይለኮሳል፤ መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ፤ ወንዶችም በወረቀት ላይ አበባ ሥለው ለጎረቤት ያበረክታሉ።

መውሊድ ደግሞ በጨረቃ አቈጣጠር ስለሚከበር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ሲያበቃ ውሎ ነበርና፣ በእነዚህ ዓመታት የክረምታችን በዓል ሆኗል። የወሎ መውሊድ በድቤና በመንዙማ ይደምቃል። በሰፈራችን የሙስሊሙ ልጅ ለቡሄ ጅራፍ ሲገምድ፣ የክርስቲያኑም ልጅ ለመውሊድ ውኃ ሲቀዳና እንጨት ሲፈልጥ አይቻለሁ። ይህ በትምህርት ቤት የተማርነው ሳይሆን ከወላጆቻችን የወረስነው ነው፤ የምንጠብቀውም በመሥራት እንጂ በማውራት አይደለም።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በሚመጣው ሰኔ ካርዳችንን ስንቀበል እያንዳንዳችን አንድ ችግኝ፣ አንድ ግጥም፣ አንድ የሽማግሌ ታሪክ ለመያዝ እንወስን። ወላጆቻችንንም የምለምነው ሙልሙሉን መጋገር እንዳይተዉ፣ ልጆች ደጅ ሲቆሙም ዘፈኑ እስኪያልቅ ታግሠው እንዲሰሙ ነው። መምህራኖቻችንም መስከረም ላይ «ክረምቱን ምን ሠራችሁ?» ብለው ቢጠይቁን፣ መልሱን ይዘን ለመምጣት እንተጋለን።