ክልል ሲከሰስ ፈራጁ ማን ነው?

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የማረቆ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ የቆሼ ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ቢጣላ ፍርድ ቤት ይሄዳል። “ይህ ቀበሌ የየትኛው ወረዳ ነው?” ወይም “በራሳችን መዋቅር እንተዳደር” የሚል ጥያቄ በክልሉ መንግሥት ላይ ሲነሣ ግን ነገሩን የሚያየው ፍርድ ቤት ሳይሆን ምክር ቤት ነው። በመጀመሪያ የክልሉ፣ ቅር ለተሰኘው ደግሞ በይግባኝ አዲስ አበባ ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት።

በጀርመን ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት ነው። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 62 ይህን ሥልጣን ብሔር ብሔረሰቦች ለሚወከሉበት ምክር ቤት ሰጠ። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም የቀረበለትን የሕገ መንግሥት ክርክር በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ተደንግጓል።

ለጉራጌ አካባቢ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ስልጤዎች ከጉራጌ የተለየ ማንነት አለን ብለው ያነሡት ጥያቄ በክልል ደረጃ እልባት ሲያጣ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም ማንነቱን ራሱ ሕዝቡ በድምፁ ይወስን አለ። በ1993 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ የስልጤን ማንነት መረጠ፤ ስልጤም ዞን ሆነ። ምክር ቤቱ ሥራውን በሚገባ ከሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው።

ክልል የመሆን ጥያቄ ግን ሌላ መንገድ አለው። አንቀጽ 47 እንደሚለው ጥያቄው በጠያቂው ሕዝብ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸደቀ፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ወሰነ፤ ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ዓመቱ ካለፈ በኋላ በኅዳር 2012 ነው። በመካከሉ ሕይወት ጠፍቷል። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ተመሳሳይ ውሳኔ ቢያሳልፍም ሕዝበ ውሳኔ አልተካሄደም። በ2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌ በውስጡ ተካተተ፤ ማረቆም ቆሼን ማዕከል አድርጎ ልዩ ወረዳ ሆነ።

ቀነ ገደቡ ተጽፏል፤ ሲያልፍ ግን የሚጠየቅ የለም። ከዚህ የባሰው የአወቃቀሩ ችግር ነው። በአንቀጽ 61 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች ይመርጣሉ፣ ወይም በቀጥታ በሕዝብ ያስመርጣሉ። በተግባር የሚልኳቸው ክልሎቹ ራሳቸው ናቸው። እናም ክልሉ በተከሰሰበት ጉዳይ ከሚፈርዱት መካከል ራሱ የላካቸው ይገኛሉ። አቤት ባዩ በፍርዱ እንዴት ይተማመን?

የመዘግየቱን ዋጋ የቆሼ አካባቢ ሕዝብ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ ወረዳዎች መካከል የቀበሌዎች የይገባኛል ጥያቄ ወደ ግጭት ተቀይሮ ሰው ሞቷል፣ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል።

የክልሉም ሆነ የፌዴሬሽኑ ምክር ቤት አቤቱታ የተቀበለበትን ቀን፣ የሚወስንበትን ጊዜና የፍርዱን ምክንያት በጽሑፍ ለአቤት ባዩ ያሳውቅ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ የምክር ቤቶቹ ፈቃደኝነት ይበቃል።