ከፍላሽ ስለሚነሣው የሊኑክስ ሥርዓትና አዘገጃጀቱን በጽሑፍ ስለ መያዝ

ብዙዎቹ ነጋዴዎች በሱቃቸውም ሆነ በጽሕፈት ቤታቸው የሚገለገሉባቸው ኮምፒውተሮች ከተገዙ ዓመታት ያለፉባቸው ናቸው። ማሽኑ ገና ያገለግላል፤ ሂሳብ ይደምራል፤ ፋክቱር ያትማል፤ ደብዳቤ ይልካል። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቈየውን መደበኛ ነጻ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ መሣሪያና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ማሽኖች አይቀበሉትም። እድሳት በሌለው ሥርዓት ላይ የባንክ ሂሳብን መክፈት የሚያሰጋ ነገር ነው፤ ደኅና የሚሠራውን ማሽን መጣልም ያሳዝናል።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ፣ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በፍላሽ ላይ አኑሮ፣ የኮምፒውተሩን ሃርድ ዲስክ ሳይነኩ ከዚያው ከፍላሹ አስነሥቶ መሥራት ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓት «ላይቭ» ይባላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንፈልገው ግን ፍላሹን ስለ መቅዳት ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለውን የማስነሻ ምስል ለሱቃችን እንዲስማማ አድርጎ ስለ ማዘጋጀት፣ ይልቁንም ይህን ዝግጅት በእጅ ሳይሆን በተጻፈ ትእዛዝ ስለ መፈጸም ነው።

ሊኑክስን የጀመረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የምንጠቅሰው ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስብስብ በ1993 ተመሠረተ፤ የሚሰጠውም ያለ ዋጋ ነው። ሊኑክስን ሳይጭኑ ከሲዲ አስነሥቶ መሥራት በሰፊው የታወቀው፣ ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር በ2000 ክኖፒክስ የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው። ዛሬ የሲዲውን ቦታ ፍላሽ ወርሶታል።

አሠራሩን ማወቅ ለኋላው ስለሚጠቅም ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንግለጸው። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ በቦርዱ ላይ የተቀበረው የመነሻ ፕሮግራም ፍላሹን ያገኝና በላዩ የተቀመጠውን ግሩብ የተባለ አስነሺ ይጠራል። ግሩብ የምርጫ ዝርዝር ካሳየ በኋላ ሁለት ፋይሎችን ወደ ራም ያነሣል። አንደኛው ከርነል የሚባለው የሥርዓቱ ልብ ነው። ሁለተኛው ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት ሲሆን፣ ዋና ሥራው ትልቁ ሥርዓት የታጨቀበትን ፋይል ፈልጎ መክፈት ነው። ይህ ትልቅ ፋይል ስኳሽኤፍኤስ በተባለ ዘዴ ተጨምቆ የታሸገ ስለ ሆነ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ስለዚህ ኦቨርሌይ የተባለ ስስ ድርብ በላዩ ይነጠፍበታል፤ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ የሚለውጠው ሁሉ በራም ውስጥ ባለው በዚህ ድርብ ላይ ያርፋል። በታተመ የዋጋ ዝርዝር ላይ መስተዋት ደርቦ፣ በመስተዋቱ ላይ እንደ መጻፍ ያለ ነው፤ ማታ መስተዋቱ ሲጠረግ ዝርዝሩ እንደ ነበረ ይገኛል።

ለሱቅ ይህ ጠባይ ትልቅ ጥቅም አለው። ሠራተኛው ሳያውቅ ያበላሸው ቅንብር ወይም ከኢንተርኔት የገባ ክፉ ፕሮግራም በድርቡ ላይ ብቻ ያረፈ እንደ ሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ በማስነሻው መስመር ላይ «ቶራም» የሚል ቃል ቢጨመር፣ የታሸገው ፋይል በሙሉ ወደ ራም ይቀዳና ፍላሹ ተነቅሎ በካዝና ሊቀመጥ ይችላል፤ በአንድ ፍላሽም ሦስት ማሽኖችን በየተራ ማስነሣት ይቻላል። በእርግጥ ምስሉ 3 ጊጋባይት ከሆነ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ለሥራ የሚሆን ቦታ አይተርፈውም፤ 8 ጊጋባይት ያለው ግን ይበቃዋል።

ዴቢያን የሚያወጣው ዝግጁ ምስል ግን ለሁሉ ሰው የተሰናዳ ነው። የእኛን አታሚ አያውቅም፤ የፊደል አጻጻፍ አልተሰናዳለትም፤ ሰዓቱም የአዲስ አበባ ሰዓት አይደለም። ማታ ሁሉ ስለሚጠፋ፣ እነዚህን ጠዋት ጠዋት ማስተካከል የማይቻል ነገር ነው። ስለዚህ ለውጡ በምስሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ምስሉን ፈትቶ፣ ውስጡን በእጁ ለውጦ፣ እንደገና ጨምቆ ማሸግ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመጀመሪያው ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ለአንድ ዘመዱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በሁለት ቀን ድካም አንድ ፍላሽ አዘጋጀ፤ ሥራውም ተወደደለት። ወራት አልፈው ፍላሹን ማደስ ባስፈለገ ጊዜ ግን፣ አታሚው እንዲሠራ የትኛውን ፋይል እንደ ለወጠ ፈጽሞ ሊያስታውስ አልቻለም። ከዚህ የባሰም ነገር ተገኘ። በዝግጅቱ ጊዜ ለሙከራ የጻፈው የመደብሩ የዋይፋይ የይለፍ ቃል በታሸገው ፋይል ውስጥ ተረስቶ ቀርቶ ነበር። ከፍላሹ አራት ቅጂ ተባዝቶ ነበርና አንዱ ጠፍቷል። የታሸገው ፋይል ይጨመቃል እንጂ አይመሰጠርም፤ ፍላሹን ያገኘ ሰው ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ያን ዕለት የይለፍ ቃሉን ሳይለውጡ ማደር አልተቻለም።

በጽሑፍ የማዘጋጀቱ ዘዴ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ዴቢያን ለዚሁ ሥራ ላይቭ-ቢልድ የተባለ መሣሪያ አለው። የተዘጋጀ ምስል አይፈታም፤ ከዴቢያን ማከማቻ ጥቅሎቹን እየሰበሰበ ምስሉን ከመሠረቱ ይሠራል። «ኤልቢ ኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ «ኮንፊግ» የተባለ ፎልደር ያበጃል፤ «ኤልቢ ቢልድ» የሚለው ደግሞ በፎልደሩ ውስጥ በተጻፈው መሠረት ምስሉን ይሠራል። (እነዚህ ቃላት በማሽኑ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።) ሥራው የሚሠራበት ኮምፒውተር ዴቢያን የተጫነበት፣ ኢንተርኔትና ከ10 እስከ 20 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጊዜ የወረደው ጥቅል በጎተራ ስለሚቀመጥ፣ ሁለተኛው ሥራ እንደ መጀመሪያው ኢንተርኔት አይበላም።

በፎልደሩ ውስጥ ከሁሉ ቀላሉ የጥቅሎች ዝርዝር ነው። በአንድ መስመር አንድ ስም ይጻፋል፤ ለሂሳብ ሰንጠረዥና ለደብዳቤ ሊብሬኦፊስ፣ ለኢንተርኔት ፋየርፎክስ፣ ለኅትመት ከፕስ፣ ለፊደል አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ፣ በተራ ኪቦርድ አማርኛ ለመጻፍ አይባስ ከኤም17ኤን ጋር። የማያስፈልግ ነገር ከዝርዝሩ ሲሰረዝ ምስሉም በዚያው ልክ ይቀላል። ቀጥሎ «ኢንክሉድስ» የተባለው ክፍል አለ፤ በዚህ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል ሁሉ በተሠራው ሥርዓት ውስጥ በዚያው በተመሳሳይ ቦታ ይገኛል። የድርጅቱ ርእስ ያለበት የደብዳቤ ወረቀት፣ የፋክቱሩ ሞዴል፣ የአታሚው ቅንብር የሚገቡት እዚህ ነው።

ሦስተኛው ክፍል «ሁክ» የሚባሉትን አጫጭር የትእዛዝ ጽሑፎች ይይዛል። እነዚህ ምስሉ በሚሠራበት ጊዜ በውስጡ ገብተው በስማቸው ተራ ይፈጸማሉ፤ አንዱ የማያስፈልገውን አገልግሎት ይዘጋል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ገጽ ያስተካክላል። በእኛ አስተያየት የመጨረሻው ሁክ ሁልጊዜ ጠራጊ መሆን አለበት፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን፣ የትእዛዝ መዝገብንና በሁሉም ቅጂ ላይ አንድ ዐይነት ሆኖ መቅረት የሌለበትን የማሽን መለያ ያጠፋል። የሰዓት ክልል፣ ቋንቋና ኪቦርድ ግን የሚነገሩት በማስነሻው መስመር ነው። ይህ መስመር «አውቶ» በተባለው ፎልደር ውስጥ በፋይል መጻፍ ይገባዋል፤ በትእዛዝ መስጫው ላይ በቃል ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መረሳቱ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው እነዚህን በአንድነት የሚነዳ አንድ አጭር ስክሪፕት ነው፤ የቀድሞውን ሥራ ይጠርጋል፤ ይሠራል፤ ለምስሉ ቀን ያለበት ስም ይሰጣል፤ ሻ-256 የተባለውን የማመሳከሪያ ቁጥር አስልቶ በጐን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ሴት -ኢ» የሚለውን መጻፍ እንዳይረሳ አደራ እንላለን፤ ትርጓሜው «አንዱ ትእዛዝ ከተሰናከለ ወዲያው ቁም» ማለት ነው። ያለዚህ፣ አንድ ጥቅል ሳይወርድ ቀርቶም ስክሪፕቱ ወደ ፊት ይቀጥላል፤ የተሠራው ምስልም የተሟላ ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ደንበኛ ቆሞ ፋክቱር በሚጠብቅበት ሰዓት ይሆናል። ፎልደሩ በጊት ቢመዘገብ ደግሞ የትኛው ለውጥ መቼና ለምን እንደ ተደረገ በመዝገብ ይቈያል።

የተሠራው ምስል ወደ ሱቅ ሳይሄድ ኪዩኢኤምዩ በተባለው ፕሮግራም በኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር አስመስሎ ማስነሣትና መሞከር ይቻላል። ወደ ፍላሽ ሲቀዳ ግን ታላቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ዲዲ» የተባለው ትእዛዝ የታዘዘበትን ዲስክ ሳይጠይቅ ይደመስሳል። በብዙ ማሽን «ኤስዲኤ» ሃርድ ዲስኩ ሲሆን «ኤስዲቢ» ፍላሹ ይሆናል፤ በአንዲት ፊደል ስሕተት የዓመት መዝገብ ይጠፋል። መጀመሪያ በመጠኑ ለይቶ ማረጋገጥ ይገባል፤ 16 ጊጋባይት የሚለው ፍላሹ፣ 500 የሚለው ዲስኩ ነው።

የይለፍ ቃልን ነገር ከላይ አንሥተናል። የዴቢያን ላይቭ የተለመደው ተጠቃሚ ስም «ዩዘር»፣ የይለፍ ቃሉም «ላይቭ» ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ መለወጥ አለበት። የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃል ደግሞ በምስሉ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። የቀኑን ሥራ ማኖር የሚፈልግ ነጋዴ በፍላሹ ላይ ሌላ ክፍል ከፍሎ «ፐርሲስተንስ» የሚል ስያሜ ቢሰጠው፣ ሥርዓቱም እንዲጠቀምበት በማስነሻው መስመር ቢታዘዝ፣ የተጻፈው ሁሉ በዚያ ይቈያል። ይህን ክፍል ሉክስ በተባለው ዘዴ መመስጠር ይቻላል፤ ፍላሽ ከኪስ የሚወድቅ ነገር ስለ ሆነ እኛ ያለ ምስጠራ አንመክረውም። በዚህ ክፍል ላይ የገባ ክፉ ፕሮግራም ግን ማሽኑ ሲጠፋ እንደማይጠፋ ልብ ይሏል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ማስቀመጥ ሳይሆን የሰነዶችን ፎልደር ብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ለማን አይስማማም የተባለ እንደ ሆነ፣ ሂሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ድርጅት ያን ማሽን እንዳለ ይተወው። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነውና ሊኑክስ አይተካለትም። ባለ 32 ቢት የሆኑ በጣም አሮጌ ማሽኖችም፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በነሐሴ 2025 በወጣው በዴቢያን 13 አይነሡም። ለመሸጫው ጠረጴዛ፣ ለደብዳቤና ለኢንተርኔት የሚሆኑትን ማሽኖች ግን ከሩቅ ሳይፈሩ መሞከር ይቻላል፤ ፍላሹ ሲነቀል ማሽኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳልና።

በታሸገው ፋይል ውስጥ ያለው ፋየርፎክስ ራሱን አያድስም። ስለዚህ ስክሪፕቱን ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ማስኬድና ፍላሾቹን ማደስ ያስፈልጋል። ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ነጋዴ ፍላሹን ብቻ አይረከብ፤ የ«ኮንፊግ» እና የ«አውቶ» ፎልደሮች ከስክሪፕቱ ጋር እንዲሰጡት በውሉ ላይ ያስጽፍ። ክፍያውንም ከመፈጸሙ በፊት ባለሙያው በፊቱ አንድ ጊዜ ከባዶ አሠርቶ፣ የተሠራውን ምስል በሱቁ ማሽን ላይ አስነሥቶ፣ አንድ ፋክቱር አትሞ እንዲያሳየው ይጠይቀው።