ምስክር ወረቀቱ ስለ ምን ይመሰክራል?

ዳቦ ቤት፣ የእህል ወፍጮና የማር ምርት የጀመሩ ሰበካ ጉባኤያት «የአይ.ኤስ.ኦ ምስክር ወረቀት እናውጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። አስቀድመን ምንነቱን እናስረዳ።

አይ.ኤስ.ኦ እ.ኤ.አ. በ1947 ሥራ የጀመረ፣ መቀመጫውን በጄኔቫ ያደረገ ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ምስክር ወረቀት አይሰጥም፤ መርምረው የሚሰጡት ገለልተኛ የማረጋገጫ ድርጅቶች ናቸው። አይ.ኤስ.ኦ 9001 የጥራት፣ አይ.ኤስ.ኦ 22000 ደግሞ የምግብ ደኅንነት ሥራ አመራርን ይመለከታሉ። ምስክርነቱም ስለ አሠራሩ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ዳቦ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ዓመት ይጸናል፤ በየዓመቱም የክትትል ምርመራ ይደረግበታል። ስለዚህ ያለ ምርመራ፣ በገንዘብ ብቻ «እናውጣላችሁ» የሚል ቢመጣ አትቀበሉት፤ የሚከፈለው የምእመናን መባ ነውና።

ገዢዎቻችሁ ምስክር ወረቀት የማይጠይቁ ከሆነ ወጪው ይቆይ፤ ሥርዓቱ ግን አይቆይ። ዱቄቱ ከማን ተገዛ? ማን ተረከበው? የተበላሸው ስለ ምን ተበላሸ? እንዳይደገምስ ምን ተደረገ? ይህን በመዝገብ የሚያሰፍርና በየጊዜው የሚመረምር ኮሚቴ የደረጃውን መሠረት ይዟል። ለተቀበልነው አደራ መታመናችንም የሚታወቀው በዚህ ነው።