ያውቁ ኖሯል? ርዝመት ዝላይና የወሎ ከፍታ

አትሌቲክስ ሲነሳ ወሬያችን ከ5,000 ሜትርና ከማራቶን ብዙም አይርቅም። የዛሬው አምዳችን ግን ከውርጌሳ እስከ ወልዲያ ላሉ ተማሪዎችና የስፖርት መምህራን ርዝመት ዝላይን ይዞ መጥቷል።

• የወንዶች የዓለም ክብረ ወሰን 8 ሜትር ከ95 ነው። አሜሪካዊው ማይክ ፓውል በነሐሴ 1983 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ አስመዘገበው። የሴቶቹን 7 ሜትር ከ52 ደግሞ ጋሊና ቺስትያኮቫ በሰኔ 1980 ዓ.ም ሌኒንግራድ ላይ ዘለለችው።

• ርዝመት ዝላይ ግማሹ ሩጫ ነው። ምርጥ ወንድ ዘላዮች መነሻ ጣውላው ላይ ሲደርሱ በሰከንድ ከ10 ሜትር በላይ ይፈጥናሉ። በአራት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ርዝመት ዝላይን ያሸነፈው ካርል ሊዊስ በ100 ሜትርም የኦሊምፒክ ባለወርቅ ነው።

• ዘላዩ ከመሬት የሚነሳው በ45 ዲግሪ ሳይሆን በ20 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ልነሳ ቢል ፍጥነቱን ይገድለዋል፤ እግሩ ጣውላውን የሚነካው ለ0.12 ሰከንድ ያህል ብቻ ነውና።

• ምሥጢሩ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች ነው። ተንደርድሮ ጅረት የሚዘል ልጅ ካዩ ልብ ይበሉት። ከመጨረሻው በፊት ያለውን እርምጃ ረዘም አድርጎ ወገቡን ዝቅ ያደርጋል፤ የመጨረሻውን ያሳጥራል። ታላላቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የመነሻው እግር ከሰውነት ቀድሞ ያርፋል፣ ብዙም ሳይታጠፍ ይጠነክራል፣ ሰውነት በላዩ ሲያልፍ የሩጫው ፍጥነት በከፊል ወደ ላይ ይለወጣል። ነፃው ጉልበትና ክንዶች ወደ ላይ ሲወረወሩ ያግዙታል።

• አየር ላይ እግርን ማሽከርከር ርቀት አይጨምርም። ሰውነት ወደ ፊት እንዳይደፋ ያደርጋል፤ እግሮችም ቀድመው አሸዋው ላይ እንዲያርፉ ያመቻቻል።

• የሚለካው ለጣውላው እስከሚቀርበው የአሸዋ ምልክት ነው። ሲያርፉ እጅን ወደ ኋላ መደገፍ የተለፋበትን ርቀት ያስበላል።

• ቦብ ቢመን 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ሜክሲኮ ሲቲ በተካሄደው ኦሊምፒክ ጥቅምት 8 ቀን 1961 ዓ.ም 8 ሜትር ከ90 ሲዘል፣ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ55 ሳንቲ ሜትር አሻሻለው። የመለኪያው መሣሪያ እዚያ ድረስ ስላልደረሰ በእጅ በሚዘረጋ ሜትር ተለካ። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው ኦሊምፒክ ማሞ ወልዴ ማራቶንን አሸነፈ። ስስ አየር ኦክስጅን ስለሚያሳጣ የረጅም ርቀት ሯጭን ይፈትናል፤ ወደ ኋላ የመግፋት ኃይሉ አነስተኛ ስለሆነ ግን ለሚንደረደር ሰው ይመቻል።

• የወልዲያ ከፍታም 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ሮበርት ኤሚያን በ1979 ዓ.ም 8 ሜትር ከ86 ዘልሎ እስከ ዛሬ ያልተነካውን የአውሮፓ ክብረ ወሰን የያዘባት የአርመኗ ጻህካድዞርም ከፍታዋ ከዚህ ብዙም አይለይም።

• ከኋላ የሚነፍሰው ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ክብረ ወሰን አይጸድቅም። ኩባዊው ኢቫን ፔድሮሶ በ1987 ዓ.ም ሴስትሪየር ላይ 8 ሜትር ከ96 ቢዘልም፣ የነፋስ መለኪያው ፊት ሰው ቆሞ ስለነበር ውጤቱ ሳይጸድቅ ቀርቷል።

• ለምድር ወገብ በቀረብንና ከፍ ባልን ቁጥር የመሬት ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል። በሌኒንግራድ 7 ሜትር የሚያስዘልል ጉልበት ወልዲያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል።

• ሕጉ የሚጠይቀው መንደርደሪያ ቢያንስ 40 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ22 ስፋት ያለው ነው። ጣውላው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከፊቱ ያለው ማረፊያ አሸዋ ይሞላል። ከፍታውን ተፈጥሮ በነፃ ሰጥታናለች፤ ሜዳውን በየትምህርት ቤቱ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው።