የከተማ ቻርተር ለነጋዴው ምን ለውጥ ያመጣል?

ለአንድ ከተማ አዲስ ቻርተር ሊወጣለት ነው፣ ረቂቁም ተዘጋጅቷል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ብዙ ነጋዴዎች «ይህ የሹማምንት ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የገበያው ሥፍራ የሚወሰነው፣ የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ዋጋ የሚተመነው፣ መንገዱ የሚጠገነውና ቆሻሻው የሚነሣው በዚሁ ሕግ በሚቋቋመው አስተዳደር ነው። ስለዚህ ቻርተር በከተማ አስተዳደር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ፣ የአዲስ አበባን ታሪክ ምሳሌ በማድረግ፣ ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ቻርተር ማለት የአንድ ከተማ መቋቋሚያ ሕግ ነው። የከተማውን ሥልጣን ከነወሰኑ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ማን እንደሚመራው፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝና ለማን እንደሚጠየቅም ይደነግጋል። በአገራችን በፌዴራል አዋጅ የወጣ ቻርተር ያላቸው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሲሆኑ፣ የክልል ከተሞች የሚቋቋሙት ክልሎቹ በሚያወጡት ሕግ ነው። የሕጉ ስም ይለያይ እንጂ ነጋዴው ሊመረምረው የሚገባው ነገር አንድ ነው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የሥልጣን ምንጭ ነው። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 በወጣበት ዘመን የአዲስ አበባ ከንቲባ የሚሾመው በንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ለከተማዋ ቻርተር ተሰጥቶ የተመረጡ አባሎች ያሉበት ምክር ቤት በተቋቋመ ጊዜም የከንቲባው ሹመት ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 49 ለከተማዋ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጠ። ይህንኑ ተከትለው በ1989 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 87፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የተሻሻለው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361 ወጡ። በዚህ በኋለኛው ሕግ መሠረት ሕዝቡ የምክር ቤቱን አባሎች ለአምስት ዓመት ይመርጣል፤ ከንቲባውንም ምክር ቤቱ ይሰይማል። እንግዲህ አቤቱታውን ወደ ሿሚው ይልክ የነበረው ባለሱቅ፣ ዛሬ በሕጉ መራጭ ስለ ሆነ ተመራጩን ለመጠየቅ መብት አለው ማለት ነው። ይሁን እንጂ አስተዳደሩ ለፌዴራሉ መንግሥትም ተጠሪ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 መሠረት በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ አስመጪው ወይም ላኪው በጉምሩክ የሚከፍለውን የከተማ ቻርተር አይቀንስለትም፤ አይጨምርበትምም። የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ትርፍ ግብር ግን በአንቀጽ 97 ለክልሎች የተተወ ሲሆን፣ አዲስ አበባም በቻርተሯ ይህንኑ ከነዋሪዎቿ ትሰበስባለች። ስለ ሆነም ባለሱቁ በከተማው ካዝና ውስጥ ድርሻ አለው። ገንዘቡ የሚወጣበትን በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ፣ ሒሳቡን የሚመረምረውም ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሆነው ዋና ኦዲተር መሆኑ ለከፋዩ ዋስትና ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ የሚሰማበት መንገድ ነው። ፈቃድ የከለከለ ወይም ቦታ የነሣ ሹም ራሱ ዳኛ ከሆነ ነጋዴው መድረሻ ያጣል። በ1995ቱ ቻርተር የከተማ ፍርድ ቤቶች የተቋቋሙበት አንዱ ምክንያት፣ ከይዞታ፣ ከፈቃድና ከከተማው ፕላን አፈጻጸም የሚነሣ ክርክር ከአስፈጻሚው ውጭ እንዲታይ ነው።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ ሕጉ በሥራ ካልዋለ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአዲስ አበባ ምክር ቤት በተመራጮቹ ሳይያዝ በመቅረቱ፣ በ1998 ዓ.ም. ባላደራ አስተዳደር ተሾመ፤ ከተማዋም እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ በዚሁ ቆየች። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ቻርተሩ ተሻሽሎ ዘመኑ ተራዘመ፤ አዲሱ ምርጫ የተደረገው በ2013 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ጊዜያት ግብሩ አልቆመም፤ ግብር ከፋዩ በድምፁ የሚጠይቀው ተመራጭ ግን ወይ አልነበረም፣ ወይም የተመረጠበት ዘመን አልፎ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ረቂቅ ሲቀርብ ነጋዴው እነዚህን ይጠይቅ፦ ከንቲባውን ማን ይሰይመዋል? የአገልግሎት ዋጋ የሚወሰነው በምክር ቤት ነው ወይስ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ? አዲስ ታሪፍ ከመጽናቱ በፊት ለሕዝብ ይገለጣልን? አቤቱታ የት ይቀርባል? የምክር ቤቱ ዘመን ሲያበቃና ምርጫ ሲዘገይ ማን ያስተዳድራል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሲሆን፣ ከላይ እንዳየነው ግን ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነው።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ረቂቁ ገና በውይይት ላይ ሳለ በንግድ ምክር ቤት በኩል በጽሑፍ የሚቀርብ አንድ አሳብ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ ከሚቀርቡ ብዙ አቤቱታዎች ይበልጣል።