ዝልግልጉ ወዴት ይሄዳል?

የባንኮ ጎቲቲን ስም ብዙ የውጭ አገር ሰው የሚያውቀው ከቡና ከረጢት ላይ አንብቦ ነው። ቀበሌው ከዲላ በስተደቡብ፣ በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ ይገኛል። ቡናው የሚበቅለው ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተሰባጥሮ ነው፤ ይህ የጌዴኦ አመራረት መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኔ ግን የማወራው ከረጢቱ ላይ ስለማይጻፈው ነገር ነው፤ ስለ ዝልግልጉ።

ቀይ የቡና ፍሬ በጣት ጨመቅ ሲደረግ ውስጡ ያሉት ሁለት ዘሮች ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ያሙለጨልጫሉ። የሚያሙለጨልጫቸው ስኳርና ፔክቲን ያለበት ስስ ሽፋን ነው፤ ዝልግልጉ ማለት ይህ ነው። በማጠቢያ ጣቢያው መፈልፈያው ማሽን ልጣጩን ይገፍፋል፤ ዝልግልጉ ግን አይለቅለትም። ስለዚህ ቡናው ገንዳ ገብቶ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይብላላል፤ ብርዱ በበረታ ቁጥር ሰዓቱ ይረዝማል። ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያና እርሾ ናቸው። መድረሱን የሚለየው ደግሞ የሠራተኛው መዳፍ ነው። አንድ እፍኝ አንሥቶ ያሸዋል፤ ካሙለጨለጨ ገና ነው፣ እንደ ጠጠር ከተንገጫገጨ ደርሷል። ጊዜው ካለፈበት ኮምጥጦ ስሙን ያጠፋል። የደረሰው በቦይ ውስጥ በእንጨት መግፊያ እየተገፋ ይታጠብና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል።

ቡናው ጠራ፤ ዝልግልጉ ግን ውሃው ውስጥ ነው ያለው። ያ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ፣ ስኳሩን ለመብላት የሚረባረቡት ባክቴሪያዎች በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው መጀመሪያ ይኮመጥጣል፣ ቆይቶ ይገማል። ድንጋዩ ላይ እንደ እርጥብ ጥጥ ያለ ግራጫ ነገር ይለጠፋል። ዝቅ ብሎ ወንዙ ማገገም ሲጀምር ደግሞ የተረፈው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌን ያፋፋዋል። የባሰው ጊዜው ነው፤ ቡና የሚታጠበው ዝናብ ቆሞ ወንዝ በሚቀጥንበት ወራት ነው።

 ይህ ሁሉ የሚጠፋው ምግቡ ሲቀነስበት ነው። ወንዝ ከዚህ የተለየ መድኃኒት የለውም።

ምግቡን መቀነስ ከልጣጩ ይጀምራል። ከመቶ ኪሎ ቀይ ቡና 40 ኪሎ ያህሉ ልጣጭ ነው፤ ውሃ ውስጥ ከመዘፍዘፍ ይልቅ ተለይቶ ቢብላላ ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሆናል። የመፈልፈያውን ውሃ መላልሶ መጠቀም ፍሳሹን ያሳንሳል። የቀረው ተከታትለው በተቆፈሩ ጉድጓዶች ይጠራቀማል፤ ኖራ ኮምጣጣነቱን ያበርድለታል፤ ቬቲቨር ሣር ከተተከለበት መሬት ላይ ሲለቀቅ ሣሩ በውሃው ካለው ንጥረ ነገር የተወሰነውን ይወስዳል። በእኔ አስተያየት ጉድጓድ ቆፍሮ መተው ጉድጓድ እንዳለ አያስቆጥርም። ለመካከለኛ ቀን የተለካ ጉድጓድ ለቀማው በደራበት ሰሞን ሞልቶ ይፈስሳል፤ ደለሉ ያልተጠረገ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይሞላል።

የባንኮ ጎቲቲን ቡና ልትገዙ ወደ ጣቢያዎቹ የምትሄዱ ነጋዴዎች፣ ገንዳውንና አልጋውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ቦዩን ተከትላችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ የመጨረሻውን ጉድጓድ እዩ።