የጽንስ አልኮል ጉዳት ያለባቸውን ወጣቶች በአእምሮ ሕክምና መለየትና መደገፍ

የ15 ዓመት ልጅ አሳዳጊዎቹ ይዘውት ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መጡ እንበል። «ሲመክሩት እሺ ይላል፤ በማግሥቱ ግን ያንኑ ጥፋት ይደግማል» ይላሉ። በትምህርቱ ደካማ ነው፤ በቀላሉ ይቆጣል፤ ጓደኞቹ ያሉትን ሁሉ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ልጅ ብዙውን ጊዜ የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ወይም የጠባይ መታወክ አለበት ተብሎ ይመዘገባል። በጽንስነቱ ለአልኮል ተጋልጦ እንደ ነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም።

አልኮል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ደም ይገባል፤ መጠኑም በእናቲቱ ደም ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። የጉዳቱን መልክ በፈረንሳይ ፖል ለሟን እ.ኤ.አ. በ1968፣ በአሜሪካ ደግሞ ኬኔዝ ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ በ1973 ገልጸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት ከ1000 ሕፃናትና ወጣቶች መካከል 8 የሚጠጉት ከቀላል እስከ ከባድ የሚደርስ ጉዳት እንዳለባቸው አመልክቷል። በእርግዝና ወቅት ጉዳት እንደማያስከትል የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም።

ችግሩ ለምን ይሰወራል?

ሦስቱ የፊት ምልክቶች፣ ማለትም የዓይን መክፈቻ ከጥግ እስከ ጥግ ማጠር፣ ከአፍንጫ ሥር ወደ ከንፈር የሚወርደው ቦይ መደልደልና የላይኛው ከንፈር መሳሳት፣ በአብዛኞቹ ላይ አይታዩም። ፊት የሚቀረጸው በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት ሲሆን አንጎል ግን እስከ ወሊድ ድረስ ያድጋል፤ ስለዚህ ፊቱ ያልተነካ ልጅ አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። የአእምሮ ብቃት መለኪያ ውጤቱ መደበኛ ሊሆን ይችላል፤ አንደበተ ርቱዕነቱም ከሚረዳው በላይ የተረዳ ያስመስለዋል። የሚጎድለው ማስታወስ፣ ማቀድ፣ ስሜትን መግታትና ከስህተት መማር ነው። በመሆኑም እንቢተኛ የተባለው ወጣት እንቢ ያለ ሳይሆን ያልቻለ ሊሆን ይችላል።

እንዴት እንለይ?

ጥያቄው ከነቀፋ የጸዳ ይሁን፤ ብዙ እናቶች የጠጡት እርግዝናቸውን ከማወቃቸው በፊት ነውና። በአገራችን ጠላን ወይም ጠጅን እንደ አልኮል የማይቆጥሩ ስላሉ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራ በየስማቸው ተጠርተው ይጠየቁ። እናቲቱ በሕይወት ከሌሉ የቅርብ ዘመድ ሊያስረዳ ይችላል። የልደት ክብደት፣ የጭንቅላት ዙሪያ ልክ፣ የመስማትና የማየት ችሎታ እንዲሁም የሚጥል ሕመም ይመርመሩ። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የማጅራት ገትር፣ የአዮዲን እጥረትና የጭንቅላት አደጋም ተመሳሳይ ችግር ሊያመጡ እንደሚችሉ አይዘነጋ። እናቲቱ መጠጣታቸው ብቻውን ምርመራውን አያረጋግጥም። ሦስቱ የፊት ምልክቶች ካልተሟሉ ግን ለአልኮል መጋለጡ በማስረጃ መታወቅ አለበት።

ድጋፉ ምን ይምሰል?

ጉዳቱን የሚሽር መድኃኒት የለም፤ የሚለወጠው በወጣቱ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይነገረው። «ገባህ?» ከማለት ይልቅ የተባለውን በራሱ አነጋገር እንዲመልስ ይጠየቅ። የቀጠሮው ቀን በጽሑፍ ወይም በሥዕል ይሰጠው፤ አሳዳጊውም ይወቀው። የዕለት ተዕለት ውሎው ቋሚ ይሁን። ረጅም ንግግርንና ራስን መመርመርን የሚጠይቅ የምክር ሕክምና ለብቻው እምብዛም አይጠቅመውም። ድባቴ፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ችግር ካለ ይታከም፤ መድኃኒት ሲያስፈልግ በአነስተኛ መጠን ተጀምሮ በቅርብ ይታይ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው በቀጥታ ይጠየቅ። የሌሎችን ሐሳብ በቀላሉ ስለሚቀበል ባልፈጸመው ጥፋት ላይ «አዎ» ሊል እንደሚችልም መምህራንና ፖሊስ ሊገነዘቡ ይገባል።

በሲያትል አን ስትራይስጉት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ጥናት ከ400 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ሲሆን፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ጤና ችግር ገጥሟቸው ነበር። ከ6 ዓመት ዕድሜ በፊት የተለዩትና በተረጋጋ ቤት ያደጉት ግን የተሻለ ዕድል ነበራቸው። በ15 ዓመቱ የመጣው ልጅ ያ ጊዜ አልፎታል። ቢሆንም «ባለጌ» መባሉ ቀርቶ ጉዳቱ በስሙ ሲጠራ ወላጅ ከመቅጣት ወደ ማገዝ ይመለሳል፤ እናቲቱም ለሚቀጥለው እርግዝና ምክር ታገኛለች። ይህ ሁሉ የሚጀምረው ባለሙያው በሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ነው።